ከ40 በኋላ ቦርጭን ማጥፋት፦ መጀመሪያ ብረት፣ ከዚያ ምግብ

ሱሪው ድሮ ይገባ ነበር። አሁን ቁልፉ አልቆለፍ ብሏል። የሚበላው ያው፣ የሚዋልበት ያው፣ ቦርጩ ግን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጥቶ ተቀምጧል። 40 ያለፈው ሰው ይህን ታሪክ ሳይነግሩት ያውቀዋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ውሳኔም ያውቀዋል፦ "ከሰኞ ጀምሮ እራት የለም፣ ጠዋት ጠዋት ሩጫ!"

እኔም በ44 ዓመቴ ያንኑ ወስኜ ነበር። በሁለት ወር 7 ኪሎ ወረደልኝ። ያየኝ ሁሉ ግን "አሞህ ነበር እንዴ?" ይለኝ ጀመር። ፊቴ ሟሸሸ፣ ክንዴና ጭኔ ከሱ። ቦርጩ ትንሽ ለስለስ ከማለቱ በቀር እዚያው ነው። ዓመት ሳይሞላ 9 ኪሎ መልሼ ለበስኩ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ያፈሰስኩት ጡንቻ፣ የለቀምኩት ስብ ነበር።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ብረት ይነሳል፣ ምግቡ ከዚያ በኋላ ይስተካከላል። የምንፈልገው ስቡ ሲሄድ ጡንቻው እንዲቀር ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

"ሜታቦሊዝሜ ሞቷል" ከማለትዎ በፊት

ሜታቦሊዝም ማለት ሰውነት ኃይል የሚያቃጥልበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። ከ29 አገሮች የተውጣጡ ከ6,400 በላይ ሰዎች በቀን ምን ያህል ኃይል እንደሚያቃጥሉ ተለካ። ከተወለደ 8 ቀን ከሆነው ጨቅላ እስከ 95 ዓመት አዛውንት ድረስ ነበሩበት። የሰውነት መጠንና የጡንቻ ልዩነት በስሌት ሲስተካከል፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ጊዜ የሚቃጠለው ኃይል እምብዛም አይለወጥም። ከ60 በኋላ ነው በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ መውረድ የሚጀምረው።

በ47 ዓመት ሞተሩ አልሞተም ማለት ነው። ታዲያ ቦርጩን ምን አመጣው? ብዙ ትንንሽ ነገር ተደማምሮ ነው። ሥራው ወንበር ላይ ሆነ፣ ደረጃ መውጣት ቀረ፣ እንቅልፍ አነሰ። ጡንቻ ደግሞ ካላሠሩት ይሄዳል። ከ30ዎቹ ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ሴቶች ዘንድ የወር አበባ ማረጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በ51 ዓመት አካባቢ ይመጣል። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴቶች ሆርሞን ሲወርድ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ይዛወራል። ወንዶችም ዘንድ ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ቀስ እያለ ይወርዳል።

በዚህ ላይ ምግብ ብቻ ቀንሶ መክሳት ሲጨመርበት ነገሩ ይባስ ይበላሻል። ጡንቻ ሳያሠሩ ኪሎ ሲቀንሱ፣ ከሚሄደው ኪሎ ሩብ ያህሉ ስብ አይደለም። በ25 ዓመት ይህ ብዙም አያሳስብም፣ ቶሎ ይተካል። በ50 ዓመት ግን የሄደው ጡንቻ ለምኖም አይመጣም፤ ሠርቶ ነው የሚያመጡት።

ደግነቱ ሠርቶ ማምጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት አለ፤ ተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ የአረጋውያን ማዕከል ነዋሪዎች ነበሩ። ለ8 ሳምንት ከበድ ያለ የእግር ጡንቻ ስፖርት ሠሩ። ጉልበታቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። 90 ዓመት ሞልቷቸው! "ለእኔ አልፎብኛል" የሚል የ48 ዓመት ሰው ሲያጋጥመኝ እነዚህን ሰዎች አነሳለታለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሐኪምና ሜትር

ደረት ላይ ሕመም ወይም ሲንቀሳቀሱ የሚመጣ ያልተለመደ የትንፋሽ እጥረት ካለ፣ ያልተቆጣጠሩት ደም ግፊት ካለ፣ የልብ ሕመም ታሪክ ካለ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋር ይሂዱ። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲቀንስና ስፖርት ሲጀምር ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ መስተካከል አለበት፤ ይህን ደግሞ በራስዎ አይሞክሩት። የኩላሊት ሕመም ያለበትም ከታች የምጽፈውን የፕሮቲን መጠን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይከተል። ድካምና ውፍረት አንድ ላይ በድንገት ከመጡ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ ማድረግ አይከፋም።

ከዚያ ሜትር ያምጡ፤ ልብስ ሰፊ የሚለካበትን ዓይነት። ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ያለውን ቦታ ይፈልጉ። ትንፋሽ አውጥተው፣ ሆድ ሳይስቡ ይለኩ። ሆድ ስቦ መለካት ራስን መሸወድ ነው፤ እኔ ሁለት ወር ያህል እንዲያ ስለካ ነበር። ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ቁመትዎ 170 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግቡ ከ85 በታች ነው። ወንድ ከ102፣ ሴት ከ88 ሴንቲ ሜትር ካለፈች ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የስኳርና የልብ ሕመም አደጋው በግልጽ ይጨምራል።

ሚዛንም አይጣሉት፣ ግን አያምልኩት። በሳምንት 3 ወይም 4 ጠዋት፣ ሽንት ቤት ገብተው ሲወጡ፣ ከቁርስ በፊት ይመዘኑ። የሳምንቱን አማካይ ይያዙ። የአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይናገርም። ማታ ጨው የበዛበት ምግብ ከበሉ ጠዋት አንድ ኪሎ ጨምረው ሊያገኙት ይችላሉ፣ እሱም ውኃ ነው።

አንድ የጉልበት መለኪያም ይጨምሩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነሥተው እንደሚቀመጡ ይቁጠሩ። ይጻፉት። ይህ ቁጥር ከሚዛኑ ቀድሞ ያስደስትዎታል።

አንደኛ እርምጃ፦ ለሦስት ሳምንት ብረት ብቻ

ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግብዎን አይንኩ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገረማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለት አዲስ ልማድ በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ይተዋል። በዚያ ላይ ተርቦ ጂም የገባ ጀማሪ ደክሞት፣ አዙሮት ነው የሚወጣው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት የሚጨምረው ጡንቻው ስላደገ ሳይሆን ነርቭና ጡንቻ መግባባት ስለጀመሩ ነው። ያንን ትምህርት በጠገበ ሰውነት ይማሩት።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል፣ በመካከል ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት እያደረጉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያም ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይመክራል። አንዱ ልምምድ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስድስት ቀን ጂም የሚገቡ ወጣቶችን አይተው አይሸማቀቁ፤ እነሱ የሚያገግሙት በሌላ ፍጥነት ነው።

ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሰውነትዎን ያሟሙቁ። በፍጥነት ይራመዱ፣ ትከሻና ዳሌ ያዙሩ፣ ከዚያ የዕለቱን እንቅስቃሴ ያለ ክብደት ወይም በቀላል ክብደት አንድ ዙር ይሥሩት። በ20 ዓመት ይህን መዝለል ይቻላል፤ በ45 ዓመት መዝለል ጅማት ያስከፍላል።

እንቅስቃሴዎቹ አምስት ናቸው። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ዘመድ ነው።

መቀመጥና መነሣት፣ ማለትም ስኳት። ከወንበር ይጀምሩ። እግር በትከሻ ስፋት፣ ደረት ቀና፣ መቀመጫዎ ወንበሩን ሲነካ ይነሡ። እንደ ድንጋይ ዘጭ አይበሉ፤ ሲወርዱ ሦስት ይቁጠሩ። 12 ጊዜ ያለችግር ሲሠሩት ደረትዎ ላይ አንድ ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ አጭር የክብደት ብረት) ይያዙ። ጉልበቴን ያመኛል የሚል ሰው ከፍ ያለ ወንበር ይጠቀም። ጉልበትን የሚያሳርፈው እግርን ማሳረፍ ይመስለናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጭን ሲጠነክር ነው ጉልበት የሚያርፈው።

ከዳሌ ማጎንበስ፣ ዴድሊፍት የሚሉት። ሁለት ዳምቤል ከጭንዎ ፊት ይያዙ። ጉልበት ትንሽ ብቻ ይታጠፍ። መቀመጫዎን ወደ ኋላ ይግፉት፤ እጅዎ ሞልቶ የመኪና በር በመቀመጫዎ እንደሚዘጉ አድርገው ያስቡት። ጀርባ እንደ ጣውላ ቀጥ ይበል። የጭንዎ ጀርባ ሲወጠር ያቁሙና ይመለሱ። ብዙ ሰው ወገቤን ይጎዳኛል ብሎ የሚፈራው ይህን ነው። የሚጎዳው ግን ጀርባ አጉብጦ ማንሳት ነው፤ የወደቀ እርሳስ ሲያነሱ ወገባቸው የተያዘ ሰዎች ያውቁታል። በቀላሉ ጀምረው ጎን ለጎን መስታወት እያዩ ይልመዱት። ከአምስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

መግፋት። ፑሽ አፕ ነው። መሬት ላይ ካቃተ ግድግዳ ላይ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ። ዝቅ እያሉ መሄድ በራሱ ክብደት መጨመር ነው።

መጎተት። አንድ እጅ ወንበር ላይ ተደግፈው በሌላው ዳምቤል ወደ ጎንዎ ይጎትቱ። ላስቲክ ካለዎት በር ላይ አስረው መጎተት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለጎበጠ ጀርባ መድኃኒቱ ይህ ነው።

ተሸክሞ መሄድ። በሁለት እጅ ከበድ ያለ ነገር ይያዙ፣ ቀጥ ብለው 30 ወይም 40 እርምጃ ይሂዱ። ውኃ የሞላ ጀሪካንም ይሆናል። ሆድን የሚያጠነክረው ይህ ነው። በነገራችን ላይ "የሆድ ሥራ" ሆድ ላይ ያለውን ስብ አያቀልጥም። ስብ ከየት ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ሰውነት እንጂ እኛ አይደለንም። በቀን 200 ጊዜ ተኝቶ መነሣት ከስቡ ሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፣ ሱሪውን ግን አያሰፋም።

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ደጋግመው ይሥሩ፤ ይህ አንድ ዙር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዙር፣ ከዚያ ሦስት። በዙሮች መካከል ሁለት ደቂቃ ይረፉ። ስልክ ማየት ይፈቀዳል፣ ሁለቱ ደቂቃ ሰባት እስካልሆነ ድረስ።

ክብደቱ ስንት ይሁን? ዙሩን ሲጨርሱ "ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እጨምር ነበር" የሚሉበት ክብደት ነው ትክክለኛው። አሥር ተጨማሪ መሥራት ከቻሉ ቀሏል፤ ሰውነትዎን ማወዛወዝ ከጀመሩ ከብዷል። ከአንዳንድ ሴቶች "ክብደት ካነሳሁ እንደ ወንድ እፈረጥማለሁ" ሲባል እሰማለሁ። አይሆንም። ያን ያህል ጡንቻ ለመገንባት ለዓመታት የሚለፉ ወንዶች እንኳ እየለመኑ ነው የሚያገኙት። ሮዝ ቀለም የተቀባችው የአንድ ኪሎ ዳምቤል ግን የትም አታደርስም፤ ከገበያ የያዙት ዘንቢል ከእሷ ይከብዳል።

ሲያነሱ ትንፋሽ ያውጡ፣ ሲያወርዱ ያስገቡ። ትንፋሽ ይዞ መታገል ደም ግፊትን ወዲያው ያንረዋል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፦ መጨመር። ደብተር ይያዙ። ለምሳሌ በ8 ኪሎ ዳምቤል ሦስት ዙር ሲሠሩ 8፣ 8፣ 7 ጊዜ አነሱ እንበል። በሚቀጥለው 9፣ 8፣ 8 ለማድረግ ይሞክሩ። ሦስቱም ዙር 12 ሲሞላ ወደ 10 ኪሎ ይለፉና እንደገና ከ8 ይጀምሩ። ለዓመታት የሚያስኬድ ዘዴ ይኸው ነው። ጂም ገብተው ለሦስት ዓመት ያንኑ ክብደት ያንኑ ያህል ጊዜ የሚያነሱ ሰዎች አሉ። ሰውነታቸው ሥራውን ከለመደው ቆይቷል፤ ለመለወጥ ምን ምክንያት አለው?

በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጡንቻ ቁርጥም ቁርጥም ቢልዎት አይደንግጡ፣ ይለቃል። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ፣ ስል የሆነ ሕመም ግን ሌላ ነው። ያንን እንቅስቃሴ ያቁሙና ቀላሉን ይተኩበት።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ሳህኑ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው

በአራተኛው ሳምንት ወደ ምግቡ እንገባለን። አሁንም ከመቀነስ አይጀምሩ። ፕሮቲን ከመጨመር ይጀምሩ።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው። እየከሳ ጡንቻውን ማቆየት ለሚፈልግ ግን ያ አይበቃም፤ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ይሻላል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ከ96 እስከ 128 ግራም ማለት ነው። ውፍረቱ ብዙ ከሆነ ስሌቱን አሁን ባለው ኪሎ ሳይሆን ሊደርስበት በሚፈልገው ኪሎ ይሥራ።

ቁጥሩ በምግብ ሲተረጎም እንዲህ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30 ግራም ያህል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18፣ የበሰለ ሽምብራ ወይም ባቄላ 14 አካባቢ። አንድ ብርጭቆ ወተት 8። 100 ግራም ቱና 25 ገደማ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ 100 ግራም ሥጋ 100 ግራም ፕሮቲን አይደለም።

ቁርስ ላይ ሻይና ዳቦ፣ ምሳ ላይ ትንሽ ነገር፣ እራት ላይ ደግሞ የቀኑ ፕሮቲን ሁሉ! የብዙዎቻችን አበላል እንዲህ ነው። በየማዕዱ 30 ግራም አካባቢ አድርጎ ማከፋፈል ይበልጣል። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ለትንሽ ፕሮቲን አይነቃም፤ እንደ ከባድ እንቅልፋም ጮክ ብለው መቀስቀስ አለብዎት። ቁርስን ብቻ ማስተካከል የቀኑን ርሃብ ምን ያህል እንደሚቀንስ ሲያዩት ይገረማሉ። ሦስት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት 26 ግራም ነው፤ ረፋዱ ላይ ብስኩት ፍለጋ መሳቢያ መክፈት ይቀራል።

የእንስሳት ተዋጽኦ የማይመገብ ሰው ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና አኩሪ አተርን ከእህል ጋር አቀላቅሎ፣ መጠኑን ከፍ አድርጎ ይብላ። ይቻላል፣ ሳህኑ ብቻ ይተልቃል። የፕሮቲን ዱቄት ግዴታ አይደለም፤ ምግብ ለማብሰል ጊዜ ላጣ ሰው ማቃለያ ነው። ከጂም ማሟያዎች ሁሉ ዋጋ ያለው የሚመስለኝ ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት ነው፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም። ጡንቻ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ ሚዛኑ ላይ ኪሎ ቢጨምር አይበሳጩ። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው አይንካው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ አሁን ይቀንሱ፣ ግን በልክ

ፕሮቲኑ ከተያዘ በኋላ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መቀነስ በቂ ነው። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በቀን 500 ቢጎድል በሳምንት ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይሄዳል። ትንሽ ይመስላል። በስድስት ወር ግን ሌላ ሱሪ ነው። በሳምንት ከክብደትዎ 1 በመቶ በላይ እየወረደ ከሆነ ጡንቻም አብሮ እየሄደ ነውና ምግብ ይጨምሩ።

ካሎሪ ዕድሜ ልክ መቁጠር አልመክርም፣ ያሰለቻል። አንድ ሳምንት ግን የሚበሉትን ሁሉ እየመዘኑ ይጻፉ። ለምን መሰለዎት? እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ አንድ ጥናት፣ "ትንሽ እየበላሁ አልከሳ አልኩ" ይሉ የነበሩ ሰዎች ተለክተው ነበር። የበሉትን 47 በመቶ አሳንሰው፣ የተንቀሳቀሱትን 51 በመቶ አብዝተው ነበር የተናገሩት። ውሸታሞች ሆነው አይደለም። ሰው የበላውን አያስታውስም። ከልጁ ሳህን የተነሣች ጉርሻ፣ ወጥ ሲቀመስ የተዋጠች ማንኪያ፣ ስብሰባ ላይ የተነከሰች ብስኩት የት ይቆጠራሉ?

ሲጽፉ ሁለት ሌቦችን ይይዛሉ። አንዱ ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ከጠርሙስ በቀጥታ የሚያንቆረቁር ሰው አራት ማንኪያ መጨመሩን ሳያውቅ 480 ካሎሪ ድስቱ ውስጥ ገባ። ዘይት በማንኪያ መለካት ብቻውን ያስፈለገውን ቅነሳ የሚያመጣበት ቤት ብዙ ነው። ሁለተኛው የሚጠጣው ነው፦ ለስላሳ፣ ጭማቂ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ቡና፣ መጠጥ። አልኮል በግራም 7 ካሎሪ አለው፤ ከስብ ብዙም አይርቅም። የሚጠጣ ካሎሪ ሆድ ውስጥ ቦታ አይይዝም፣ አያጠግብም።

ከዚያ ሳህኑን እንዲህ ያሰናዱ። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ እህል ወይም ድንች። እህል ጠላት አይደለም። ጂም በሚገቡበት ቀን እንዲያውም ያስፈልግዎታል። ዳቦና ሩዝ ጨርሶ የተወ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ሲወርድለት ተአምር ያየ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ከስኳር ክምችቱ ጋር የወጣ ውኃ ነው፣ ዳቦው ሲመለስ ውኃውም ይመለሳል። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ለማግኘት ይሞክሩ፤ ጥራጥሬና አትክልት ከበሉ አይቸግርም።

ፋብሪካ ያለፉ ምግቦችን መቀነስ ለምን እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በደንብ አሳይቷል። 20 ሰዎች ሁለት ሁለት ሳምንት ሁለት ዓይነት አመጋገብ ላይ ቆዩ፦ አንዱ እጅግ በፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ሌላው ያልተቀነባበረ። የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። በተቀነባበረው ላይ ሲሆኑ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ምግቡ ቶሎ ይዋጣል፣ ቶሎ ያልቃል፣ "ይብቃኝ" የሚል ስሜት ግን ዘግይቶ ይመጣል።

እንደ ኦዜምፒክ ያሉ የምግብ ፍላጎት የሚቀንሱ መርፌዎች በሐኪም የታዘዙለት ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተኝም እንዳይል። የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ ፕሮቲንም አብሮ ይጠፋል፣ ጡንቻም ይሄዳል። ብረቱና እንቁላሉ ለእሱ የበለጠ ያስፈልጉታል።

መራመድና መተኛት

ሩጫ ካልወደዱ አይሩጡ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለልብም ለወገብም ይበቃል። ከምግብ በኋላ የሚደረግ የ15 ደቂቃ እርምጃ ደግሞ የደም ስኳርን ያረጋጋል። ስልክ ሲያወሩ ይራመዱ።

እንቅልፍን ግን በዋዛ አይዩት። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 41 የሆነ 10 ሰዎች ምግብ ቀንሰው ለሁለት ሁለት ሳምንት ተጠኑ። አንዱን ጊዜ 8 ሰዓት ተኩል፣ ሌላውን 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ 3 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። በቂ ሲተኙ 1.4 ኪሎው ስብ ነበር። እንቅልፍ ሲያጡ ስቡ 0.6 ብቻ ሆነ፣ ቀሪው ከጡንቻና ከመሰል ነገር ሄደ። ምግቡ አንድ ዓይነት፣ የሚዛኑም ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ! እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ እያዩ በንጋት ጂም የሚገባ ሰው ያንን አንድ ሰዓት ቢተኛበት ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲል

ይቆማል። የሁሉም ይቆማል። አንድ ሳምንት ስለቆመ ምንም አይለውጡ። ሴቶች ከወር አበባ በፊት በሚይዙት ውኃ ምክንያት ለሁለት ሳምንት የስቡን መሄድ ላያዩት ይችላሉ፤ የዚህን ወር ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያወዳድሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አማካዩም ወገቡም ካልተነቃነቀ ብቻ ነው የሚነካው። መጀመሪያ ለአራት ቀን ምግብዎን እንደገና ይመዝኑ፤ ብዙውን ጊዜ የዘይቱ ማንኪያ ተረስቷል። ካልሆነ ከእህሉ ወይም ከዘይቱ 150 ካሎሪ ያህል ይቀንሱ፣ ወይም በቀን 20 ደቂቃ እርምጃ ይጨምሩ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይሆንም። ፕሮቲኑን አይንኩ።

ሚዛኑ ቆሞ ወገብ ከጠበበ፣ የሚያነሱት ክብደትም ከጨመረ ምንም አልተበላሸም። ስብ ወጥቶ ጡንቻ እየገባ ነው።

በየ10 ወይም 12 ሳምንቱ ቅነሳውን ለሁለት ሳምንት ያቁሙ። ያው ምግብ፣ ትንሽ ሰፋ ያለ እህል፣ ብረቱ እንዳለ። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቢወጣ ውኃ ነው። ከሁለቱ ሳምንት በኋላ ወደ ቅነሳው ሲመለሱ ጉልበትም ፍላጎትም ይዘው ነው።

ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ በታች ከገባ በኋላ በየሳምንቱ 100 ካሎሪ ያህል እየጨመሩ ክብደትዎ የሚረጋበትን ይፈልጉ። ብረቱ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀጥላል። ጉዞ፣ ሕመም ወይም የቤት ጣጣ ሦስት ሳምንት ካስቀረዎት አይደንግጡ። አንድ ጊዜ የተገነባ ጡንቻ ከመጀመሪያው በፈጠነ ጊዜ ይመለሳል። ያቆሙበትን ክብደት ግን በመጀመሪያው ቀን አያንሱት፤ 10 ኪሎ ያነሱ ከነበር በ6 ይመለሱ፣ በሁለተኛው ሳምንት 8፣ በሦስተኛው 10።